አምስት ሳምንት ለሁለት ተኩል ሴንቲሜትር

ቅዳሜ፣ ቀን 1

ነገሩን የጀመረችው እማዬ ናት። ፒክአፕ መኪናዬ ላይ ከኋላ በር ልትሳፈር እጀታውን ጨበጠች፣ አንድ እግሯን አነሳች፣ ትንሽ አሰበች፣ መልሳ አወረደችው። "ልጄ፣ ይሄ መኪና ነው ፎቅ?" አለችኝ። ሳቅንና በርጩማ አመጣሁላት። ማታ ላይ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔም እኮ ከካሶኒው (ከኋላው የጭነት መያዣ) አንድ ሣጥን ለማውጣት ጎማው ላይ መንጠላጠል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

ሌላም ቂም አለኝ። ካሶኒው ውስጥ በሚገጠም ማያያዣ የምጎትተው ተሳቢ አለ፣ ፊፍዝ ዊል የሚሉት ዓይነት። ከዚህ መኪና ጋር ሲያያዝ አፍንጫው ወደ ሰማይ ያያል። ከድሮው ፒክአፔ ጋር ለጥ ብሎ ነበር የሚሄደው። ተሳቢው አልተቀየረም፣ የተቀየረው መኪናው ነው።

ስለዚህ ዝቅ ላደርገው ነው። እየሠራሁ እጽፋለሁ፤ ብሳሳትም ስህተቱ እዚሁ ይቀመጣል።

መኪናው ከባድ ሥራ ከሚሠሩት ፒክአፖች ነው። በአሜሪካ አከፋፈል ከነጭነቱ ከ3,856 እስከ 4,536 ኪሎ የሚፈቀድለት ክፍል 2ቢ ይባላል፣ ከዚያ በላይ እስከ 6,350 ኪሎ ያለው ክፍል 3። የእኔ ሁለተኛው ውስጥ ነው። ዲዝል፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ከፊት ወጥ አክስል በጥቅልል ሞላ ላይ፣ ከኋላ ባሌስትራ (ተደራርቦ የታሰረ ጠፍጣፋ ብረት)።

ዛሬ የሠራሁት ልኬት ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ወለሉ ለጥ ያለ መሆን አለበት፤ በውሃ ልክ አይቼ መኪናውን ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየርኩ። ነዳጅ ሙሉ። የጎማ አየር በሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ። ካሶኒው ባዶ። በክሪክ ተነስቶ ከወረደ ደግሞ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ካልተነዳ ውሸት ይናገራል፣ ምክንያቱም ጎማዎቹ ሲወርዱ ወለሉን ቆንጥጠው ይይዙና ሞላው ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም። እኔ ራሴ ሳልነዳው ለክቼ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ተሸውጃለሁ።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ከመሬት እስከ ፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ጠርዝ 101 ሴንቲሜትር። እስከ ኋላ ፓራፋንጎ ጠርዝ 106.5። ተከፍቶ የተዘረጋው የካሶኒ በር 94። የካሶኒው ግድግዳ አናት 147። የኮፈኑ የፊት ጠርዝ 138። የመጨረሻዋን ቁጥር ሳያት ደንግጬ ደግሜ ለካሁ። 138 ማለት የአሥር ዓመት ልጅ ቆሞ አናቱ የሚደርስበት ቦታ ነው።

የኋላው ከፊቱ 5.5 ሴንቲሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ዕቅዴ ወለል ብሎ ታየኝ፦ ኋላውን 5 ሴንቲሜትር አወርዳለሁ፣ መኪናው ለጥ ይላል፣ ተሳቢውም አብሮ ይወርዳል፣ ካሶኒውም ይቀርበኛል። በአንድ ድንጋይ ሦስት ወፍ። (ይህን አረፍተ ነገር አስታውሱልኝ።)

እሁድ፣ ቀን 2

ዛሬ ከሥር ተጋድሜ ዋልኩ። ምንም አልፈታሁም፣ ዝም ብዬ ከፍታው ከየት እንደሚመጣ ስቆጥር ነበር።

መጀመሪያ ጎማ። ይሄ መኪና የቆመው በኤል ቲ 275/65 አር 20 ላይ ነው። ቢሰላ ዲያሜትሩ 865 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። የድሮው ፒክአፔ 235/85 አር 16 ነበር፣ እሱ 806 ሚሊሜትር ነው። መኪናው የሚነሳው በግማሹ ልዩነት ስለሆነ ከጎማ ብቻ ወደ 3 ሴንቲሜትር አገኘን ማለት ነው። ይህ ሞላና ባሌስትራ ሳይነካ ነው።

ቀጥሎ የፊት አክስሉ። ወጥ አክስል ሲሆን ብረቱ ከጎማ እስከ ጎማ ያልፋል፣ ሲዘል ደግሞ ሙሉው ብረት ወደ ላይ ይመጣል። ከላዩ ኮፓው፣ የሞተሩ ዘይት መያዣ፣ አለ። ሁለቱ እንዳይጋጩ ሞተሩ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ሞተሩ ከፍ ሲል ኮፈኑ ከፍ ይላል። በአራቱም ጎማ የሚነዳው የፎርድ ሱፐር ዲዩቲ ከ2005 ሞዴል ጀምሮ ከፊት እንዲህ ባለ ወጥ አክስልና ሞላ ነው የሚሠራው። ራም የተባለው ፒክአፕም ከፊት ወጥ አክስል ነው፣ 2500 የሚባለው ሞዴሉ ከ2014 ጀምሮ ከኋላም ባሌስትራውን ትቶ ሞላ ገብቶለታል። የጄነራል ሞተርስ ከባድ ፒክአፖች ግን ከፊት ግራና ቀኝ ጎማው ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ነው፣ ሞላው ደግሞ የሚጠመዘዝ ረጅም የብረት ዘንግ ነው፣ ቶርሽን ባር። እነሱ ዕድለኞች ናቸው፤ የፊቱን ከፍታ በቁልፍ አንድ ቡለን አዙረው ትንሽ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ቡለን የለኝም።

ከዚያ ራዲያተሩ። የዲዝሉ ጉልበት በጨመረ ቁጥር ማቀዝቀዣው ይተልቃል፣ ከባድ ተሳቢ ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪና ፊቱ ላይ ብዙ አየር ይፈልጋል። ሻሲውም ጥልቅ ሆኗል። የካሶኒው ግድግዳም 53 ሴንቲሜትር ነው፤ የአዋቂ ሰው ክንድ ከላይ ሲገባ ወለሉን የሚነካው በብብቱ ከተንጠለጠለ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ሁሉም ሥራ አይደለም። ኮፈኑ ላይ ራዲያተሩ ከሚያልቅበት በላይ ባዶ ቆርቆሮ አለ። እጄን ከትቼ አየሁት። ያቺ ለሞገስ ናት።

በመጨረሻም ኋላ ባሌስትራና አክስሉ መሃል ያለው ብሎክ። የእኔ 9.5 ሴንቲሜትር ነው። ባሌስትራው አክስሉ ላይ በቀጥታ አልተቀመጠም፣ በዚህ ብረት ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሁሉንም ዩ ቦልት (እንደ ዩ ፊደል የታጠፈ ቡለን) አቅፎ ይይዘዋል። የምነካው ይህንን ነው። ሌላው ሁሉ ከፋብሪካ ጋር የተወለደ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከፊት ፓራውልቱ (ከግጭት መከላከያው) ጀርባ ዝቅ ብሎ የታሰረ ወፍራም አግዳሚ ብረት አየሁ። ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው "ክብደት ነው" ብሎ ሊፈታው ይችላል። አትፍቱት። ፎርድ በ2000 ኤክስከርሽን በተባለው ግዙፍ መኪናው ላይ እንዲህ ያለ ብረት የገጠመው ሲጋጭ ትንሿን መኪና እንዳይወጣባት ነው። በ2003 ደግሞ አምራቾች በፈቃዳቸው ተስማምተው የትላልቆቹ መኪኖች ግጭት ተሸካሚ ብረት ከመሬት ከ16 እስከ 20 ኢንች ካለው የትናንሾቹ ፓራውልት ቀጠና ጋር እንዲገናኝ ወሰኑ። የ40 እና 50 ሴንቲሜትር ጉዳይ ነው።

ረቡዕ ማታ

ያዘዝኩት ብሎክ መጣ፣ ሊመለስ ነው። ቁመቱ 4.5 ሴንቲሜትር፣ ልክ የፈለግኩት። ግን ክንፍ የለውም።

ክንፍ ያልኩት ምንድነው? ኦርጅናሉ ብሎክ ወደ ጎን የወጣ ጠፍጣፋ ምላስ አለው። ከሻሲው ሥር የተሰቀለው፣ ከላስቲክ የተሠራው ድንጋጤ መያዣ አክስሉ ኃይለኛ ጉድጓድ ሲመታ የሚያርፈው እዚያ ምላስ ላይ ነው። ምላስ የሌለው ብሎክ ከተገጠመ የጎማው መያዣ አየር ይመታል። ቀጥሎ የሚመታው ቆርቆሮው ነው ወይ ሾክ አብዞርበሩ። ሻጩ "ሁሉ ላይ ይገባል" ነበር ያለኝ። ይገባል። እንደሚገባ አልተጠራጠርኩም፣ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው ጥያቄው።

ክንፍ ያለውን አዘዝኩ። ሁለት አማራጭ ነበር፣ 4.5 እና 7። ሁለቱንም ገዛሁ። ይህ በኋላ ብልህ አስመሰለኝ፣ እውነቱ ግን መወሰን አቅቶኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ዛሬ ተገጠመ። ከጠዋት እስከ ማታ።

የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ ታኮ ገባባቸው። ሻሲው በሁለት መደገፊያ ላይ ተቀመጠ፣ አክስሉ ደግሞ በክሪክ ተያዘ። ክሪክ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት የለም፤ ይህን የምጽፈው ለሌላ ሳይሆን አንድ ቀን ቸኩዬ ለምገባው ለራሴ ነው። ጎማዎቹ ወለቁ። ሾክ አብዞርበሩ ከታች ተፈታ። ከዚያ የዩ ቦልቱ ዳዶዎች።

ዳዶዎቹ አልፈለጉም። ፀረ ዝገት ትናንት ማታ ረጭቼ ነበር፣ ዛሬ ጠዋትም፣ ከዚያም ረጅም ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክቼ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት። ሦስቱ ለቀቁ። አራተኛው ቡለኑን ይዞ ተቆረጠ። ምንም አይደለም፣ ዩ ቦልት ለማንኛውም ተመልሶ አይገጠምም። አንዴ በሙሉ ኃይል ከተጠበቀ ብረቱ ተስቧል፣ ጥርሱም ደክሟል፤ ሲጠብቅ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ቀስ በቀስ ይላላል። ብሎኩ ሲያጥር ደግሞ አሮጌው ቡለን ይረዝማል። አዲስ አጭር ዩ ቦልት አብሮ መግዛት ግዴታ ነው።

አክስሉን ቀስ እያልኩ አወረድኩት። እዚህ ላይ የፍሬን ቱቦውንና የሽቦ ማሰሪያዎቹን በዓይን መከታተል ያስፈልጋል፣ አክስሉ ሲወርድ አብረው ይሳባሉ። አሮጌው ብሎክ ወጣ። ከላይና ከታች ያለው ገጽ ትይዩ አይደለም፣ አንዱ ጫፍ ትንሽ ይወፍራል። ይህ የአክስሉን አፍንጫ ከካርዳኑ (ጉልበት ወደ ኋላ አክስሉ ከሚያደርሰው ዘንግ) ጋር የሚያስተካክል ማዕዘን ነው። ወፍራሙ ጎን ወዴት እንደነበር በቀለም ምልክት አድርጌ ስለነበር አዲሱ በዚያው አቅጣጫ ገባ። ተገልብጦ ቢገባ መኪናው ሲነሳ ካርዳኑ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም የመስቀለኛው መገጣጠሚያ ዕድሜ ያልቃል።

በባሌስትራው መሃል ያለው ቡለን ጭንቅላት የብሎኩ ጉድጓድ ውስጥ ልክ መቀመጥ አለበት። አንዱ ጎን ወዲያው ገባ። ሌላው አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ በአግዳሚ ብረት አክስሉን ወደፊት እየገፋሁ፣ በሌላ እጄ ክሪክ እያነሳሁ፣ በአፌ የማይጻፍ ነገር እያልኩ።

ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ተራ፣ በቶርክ ቁልፍ፣ በየደረጃው አጠበቅኩ። የመጨረሻው ማጥበቂያ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው።

አንድ የፈራሁት ነገር አልሆነም። መኪናው ሲወርድ የድንጋጤ መያዣው ክፍተት በ5 ሴንቲሜትር ይጠባል ብዬ ነበር። አልጠበበም። ለምን? ክንፉ ያለው ብሎኩ አናት ላይ፣ ከባሌስትራው ሥር ነው። ባሌስትራው ከሻሲው ያለው ርቀት አልተነካም፣ የተጠጋው አክስሉ ብቻ ነው። የጠበበው ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ ሰፊ ነበር።

ነድቼ መጣሁና ለካሁ። ኋላ ፓራፋንጎ 101.5። የካሶኒው በር ጫፍ 87.5። ቆይ፣ 6.5 ሴንቲሜትር ወረደ? አዎ። በሩ ከአክስሉ ኋላ ከአንድ ሜትር በላይ ወጥቶ የተንጠለጠለ ነው፣ መኪናው ደግሞ የፊት አክስሉን ረግጦ እንደ ሚዛን ነው የሚወርደው። አክስሉ ላይ 5 ከሆነ ጫፉ ላይ 6.5 ይሆናል። ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ይህን ለምን አያደርግም እያልኩ ተኛሁ።

እሁድ

ሰው ሁሉ ይህን ለምን እንደማያደርግ ገባኝ።

ሚዛን ከሆነ አንዱ ጫፍ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ኮፈኑ ከፊት አክስሉ ፊት ነው ያለው። ለካሁት፤ 139። መኪናዬን ዝቅ አድርጌ ኮፈኔን ከፍ አደረግኩ። እኔ ደግሞ የምቀመጠው ከፊት አክስሉ ኋላ ስለሆነ ዓይኔ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ወርዷል። ኮፈኑ ወጣ፣ ዓይን ወረደ።

የ70 ሴንቲሜትር ኮን አምጥቼ ከኮፈኑ ፊት ቀስ በቀስ እያራቅኩ መቼ ጫፉ እንደሚታየኝ አየሁ። ቅዳሜ ከመሥራቴ በፊት ለክቼው ነበር፣ ከኮፈኑ ጠርዝ 3.7 ሜትር ርቆ ነበር የታየኝ። አሁን 4 ሜትር። ለጥቂት ሴንቲሜትር ሠላሳ ሴንቲሜትር ተጨማሪ ጨለማ ማለት ነው። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት ኮፈናቸው ከ40 ኢንች፣ ማለትም ከ102 ሴንቲሜትር ገደማ በላይ የሆኑ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው፣ ኮፈናቸው 76 ሴንቲሜትርና ከዚያ በታች ሆኖ ከሚያዘቀዝቁት በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል ብሏል። የእኔ 139 ነው። ቁጥሩን ሳነበው አላስደሰተኝም፣ በተለይ እኔው ራሴ አንድ ከጨመርኩበት በኋላ።

ከዚያ መብራቱ። ግድግዳ ፊት በ7.6 ሜትር፣ ማለትም በ25 ጫማ አቆምኩት፤ የመብራት ልኬት የሚወሰድበት የተለመደ ርቀት ነው። የአጭሩ መብራት መስመር ቀድሞ በቴፕ ካስቀመጥኩት ምልክት 9 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ወጥቷል። ሒሳቡም ይስማማል፤ በሁለቱ አክስሎች መሃል 406 ሴንቲሜትር አለ፣ ኋላው 5 ሲወርድ ከመቶ 1.2 ያህል ያጋድላል። በ60 ሜትር ርቀት ይህ ከ70 ሴንቲሜትር በላይ ነው፣ ማለትም ቀጥታ የፊት ለፊት ሾፌር ዓይን። የአሜሪካ ሕግ የፊት መብራት ከመሬት ከ559 እስከ 1,372 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ እንዲሆን ይላል፤ የእኔ 110 ሴንቲሜትር ላይ ስለሆነ ሕጋዊ ነው። ሕጋዊ መሆኑ ግን ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን አያድነውም።

ይህ ሁሉ ባዶ መኪና ነው። ገና ተሳቢው አልተጫነም።

ሰኞ ማታ

ተጫነ። ከድጡ ወደ ማጡ።

ተሳቢው ማያያዣው ላይ የሚያርፍበት ፒን ላይ 900 ኪሎ ያህል አረፈ። ኋላው 6 ሴንቲሜትር ተቀመጠ። ፓራፋንጎዎቹ፦ ፊት 100.7፣ ኋላ 95.5። መኪናው ቁጢጥ ያለ ውሻ መሰለ። የተሳቢው አፍንጫ ወደ ላይ ማየቱ ግን፣ ፍትሕ ለመስጠት፣ ከ7 ሴንቲሜትር ወደ 2 ወርዷል።

አሁን ያቺን የሦስት ወፍ ነገር አስታውሱ። ያ ባዶ መኪና ላይ የነበረው 5.5 ሴንቲሜትር የፋብሪካው ስህተት አልነበረም። ለጭነቱ የተቀመጠ ተቀማጭ ነበር። ጭነቱ ሲመጣ ይበላዋል፣ መኪናውም ለጥ ይላል። እኔ ተቀማጩን አውጥቼ ተደሰትኩ፣ ዕዳው ሲመጣ ባዶ ኪስ ተገኘሁ። ሳልጭን መለካቴን ነው የማልረሳው። ሰው እንዴት ጎታች መኪና ባዶውን ለክቶ ይወስናል?

ጎረቤቴ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፣ ዕድሜያቸውን ከከባድ መኪና ሥር የጨረሱ። ጋሼ ነው የምላቸው። ከአጥሩ ማዶ ሲያዩኝ ቆይተው መጡ።

"አንተ ልጅ፣ በምንድነው የለካኸው?"

"በፓራፋንጎ ነው ጋሼ።"

"ፓራፋንጎ ቆርቆሮ ነው። የቆረጠው ሰው ደስ ባለው ቦታ ቆረጠው። ሻሲውን ጠይቀው።"

ዲጂታል የማዕዘን መለኪያ ሻሲው ላይ ለጠፍን። ከነጭነቱ ፊቱ ወደ ላይ 0.4 ዲግሪ። እኔ በፓራፋንጎ ያየሁት 5.2 ሴንቲሜትር ልዩነት ሻሲው ላይ 3 አይሞላም። የኋላው ፓራፋንጎ ከፊቱ ዝቅ ተደርጎ ነው የተቆረጠው።

እሳቸው ተረጋግተው ሒሳቡን ወደኋላ መለሱት። ያወረድኩት 5 ሴንቲሜትር 0.7 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በኦርጅናሉ ብሎክ፣ ከነጭነቱ፣ መኪናው ፊቱ ወደ ታች 0.3 ዲግሪ ነበር። 0.3 ዲግሪ በዚህ ርዝመት ላይ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። "ያለህ ይቺ ናት" አሉኝ፣ "ከዚህ በላይ የምታወርደው የአንተ አይደለም፣ የጭነቱ ነው።"

"የተሳቢው አፍንጫስ?"

"እሱን ተሳቢውን ጠይቀው።"

ሦስተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ፈታሁ። ሌላ አዲስ ዩ ቦልት፣ አሁን ደግሞ ለ7 ሴንቲሜትሩ ብሎክ። ከኦርጅናሉ 2.5 ያንሳል። ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ግማሽ ቀን ብቻ ፈጀ፣ የመሃል ቡለኑም በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ሰው በስህተቱ እጁ ይፈታል።

ባዶውን፦ ኋላ ፓራፋንጎ 104፣ የካሶኒ በር 90.7፣ ኮፈን 138.5። ኮኑ በ3.85 ሜትር ይታያል። ከነጭነቱ ሻሲው ላይ መለኪያው በ0 እና በ0.1 መካከል ይዋልላል። በቃ፣ ይህ ነው።

በመሃል ሌሎች መንገዶች አስቤ ነበር። የአየር ከረጢት ባሌስትራው ላይ ጨምሮ በአጭሩ ብሎክ መቀጠል ይቻላል፤ ግን ከረጢቱ ጭነት ሲመጣ መኪናውን መልሶ ያነሳዋል፣ ተሳቢው ደግሞ ዝቅ ብሎ የሚያስፈልገኝ ያኔ ነው። በአንድ እጅ አውርዶ በሌላ እጅ ማንሳት። የፊቱን ሞላ አሳጥሮ ሁለቱንም እኩል ማውረድም አለ። እዚያ ደግሞ አክስሉና ኮፓው ይቀራረባሉ፣ አክስሉን በጎን የሚይዘው አግዳሚ ዘንግ ማዕዘኑ ሲቀየር አክስሉ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ መሪው ጠማማ ይቀመጣል፣ ከዚያ አላይመንት። ዲዝል ሞተር ተሸክሞ ለሚሠራ መኪና አልደፈርኩም።

ጎማስ? 275/70 አር 18 ብገጥም ዲያሜትሩ 842 ይሆናል፣ መኪናው በአራቱም ጎን 1.2 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ሚዛኑም አይናጋም። የመሸከም አቅሙ ከ1,700 ወደ 1,650 ኪሎ በጎማ ይወርዳል፣ ለእኔ ይበቃል። ፍጥነት ቆጣሪው ግን ወደ 3 በመቶ አብዝቶ ይናገራል፣ ቸርኬም መግዛት አለብኝ። ላለችው አንዲት ሴንቲሜትር አራት ቸርኬ? አሁን ያሉት ጎማዎች ሲያልቁ አስብበታለሁ።

መብራቱን አስተካከልኩ። በ7.6 ሜትር 4.7 ሴንቲሜትር ወጥቶ ነበር፣ በማስተካከያው ቡለን መልሼ ቴፑ ላይ አወረድኩት። የተሳቢው ክብደት ሲያርፍበት ግን አሁንም ወደ 12 ሴንቲሜትር ይወጣል፤ ይህ ከፋብሪካም ጀምሮ የነበረ ነው፣ እና ማታ ተሳቢ ይዤ ስሄድ ሰው ለምን መብራት እንደሚያበራብኝ አሁን ነው የገባኝ። ስለዚህ ማስተካከያውን ሁለት ምልክት አደረግኩበት፣ አንድ ለባዶ፣ አንድ ለተሳቢ። ሲያያዝ በመፍቻ ማዞር ሁለት ደቂቃ ነው። የመስመር መጠበቂያ ካሜራ ያለው መኪና የያዛችሁ ደግሞ ካሜራውም ከመኪናው ጋር እንደሚያጋድል አትርሱ፣ እሱ በመፍቻ አይስተካከልም፣ ማስተካከያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ይፈልጋል።

አራተኛ ሳምንት

ተሳቢውን ጠየቅኩት።

አፍንጫው አሁን 4.5 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ነው። ማያያዣውን በራሱ ቀዳዳ ዝቅ ማድረግ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ነበር። ችግሩ የካሶኒው ግድግዳ ነው። የተሳቢው ሆድ ከካሶኒው ግድግዳ አናት ያለው ርቀት ከኋላ በኩል 15 ሴንቲሜትር ነው። ማያያዣው አምስት ከወረደ አሥር ይቀራል፣ መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ተሳቢው አስፋልት ላይ ሲቀር ግድግዳው ይቀጠቀጣል። ቁመቱ 147 የሆነ ግድግዳ ያለው መኪና የገዛ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ግድግዳ ይህ ነው፤ ተሳቢው የተሠራው ለዝቅተኛ መኪና፣ መኪናው የተሠራው ለሌላ ዓለም።

መፍትሔው ተሳቢውን ማንሳት ሆነ። ብየዳ ቤት ወስጄ በተሳቢው ሻሲና በባሌስትራው ማንጠልጠያዎች መካከል 5 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት አስገባን፣ ሁለቱን ጎን በአግዳሚ አያይዘን። አግዳሚው የግድ ነው፤ ማንጠልጠያው በረዘመ ቁጥር ጠባብ ቦታ ላይ ሲጠመዘዝ በጎን የሚመጣውን ኃይል ብቻውን አይችልም። በያጁ ብረቱን በመስመር ያዘው፣ ከዚያ አክስሎቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን ከፒኑ እስከ እያንዳንዱ ጎማ እንብርት በሜትር ለካን። ግራና ቀኝ ሦስት ሚሊሜትር ልዩነት። ይበቃል።

የተሳቢው ጣሪያ ከፍታ ተቀየረ። አዲሱን ቁጥር ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ከመሪው በላይ ለጥፌዋለሁ። ድልድይ ሥር ስደርስ በትዝታ መገመት አልፈልግም።

አምስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

የመጨረሻው ልኬት፣ ሁሉም ተያይዞ። ተሳቢው አፍንጫው ግማሽ ሴንቲሜትር ወደ ታች። ሁለቱ የተሳቢው አክስሎች አሁን እኩል ይሸከማሉ ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ ከረጅም ጉዞ በኋላ የኋለኞቹን ጎማዎች በእጄ ስነካ ከፊተኞቹ ይሞቁ ነበር፣ ትናንት ስነካቸው ልዩነት አላገኘሁም። በካሶኒው ግድግዳና በተሳቢው ሆድ መሃል 17 ሴንቲሜትር። ከ15 ወደ 17 የወጣው ተሳቢው ስለተነሳና የካሶኒው ጫፍ ስለወረደ ነው።

ከ150 ኪሎ ሜትር በኋላ ዩ ቦልቶቹን በቶርክ ቁልፍ ደግሜ ነካኋቸው። ከስምንቱ ዳዶ ሁለቱ ትንሽ ሄዱ። ይህን ሳላደርግ ቢቀር ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈለግኩም። ካርዳኑ አይንቀጠቀጥም። ከካሶኒው ሥር ትንሽ ሲጥ የሚል ድምፅ አለ፣ የሾክ አብዞርበሩ ታችኛው ጎሚኒ ይመስለኛል፣ ያጠበቅኩት መኪናው ተንጠልጥሎ እያለ ነበር። ልፍታውና በጎማው ቆሞ ላጥብቀው።

በሩ ላይ የተለጠፈው የጭነት ቁጥር አልተቀየረም፣ እንዲቀየርም አልጠበቅኩም። መኪናው ስለወረደ አንድ ኪሎ አልጨመረለትም።

እማዬን ጠራኋት። ትሳፈር እና ትፍረድ ብዬ። በኋላው በር መረገጫ ላይ የወረደው ስንት እንደሆነ ለክቼ ነበር፤ 1.4 ሴንቲሜትር። አልነገርኳትም። እጀታውን ጨበጠች፣ እግሯን አነሳች፣ አየችኝ።

"አምስት ሳምንት ሥሩ ተኝተህ ምን ስትሠራ ነበር?"

የጎን መርገጫው ትናንት ደርሷል። ከመሬት 45 ሴንቲሜትር ላይ ይመጣል፣ አራት ቡለን ብቻ ነው። ነገ ጠዋት እገጥመዋለሁ።